ያልተጠየቀው ቀለህ

የልጅ ልጃቸው ሁለት የሻይ ብርጭቆ ይዛ ከጓዳ ወጣች። አንደኛው ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል። በጨርቅ ይዛ ጎትታዋለች፣ ጠምዝዛዋለች፣ በጠረጴዛ ጠርዝ ቀስ አድርጋ መትታዋለች፤ ወይ ፍንክች! «ስጪኝ፣ እጅሽን ሳትቆርጪ» አሏት ጋሼ። ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አስቀዱ፤ ብርጭቆዎቹን እንደተጣበቁ ውሃው ውስጥ አቆሟቸው፤ የውስጠኛውን ደግሞ ከማቀዝቀዣ በወጣ ውሃ ሞሉት። የሰሞኑን ዝናብ አንስተን ስንጫወት ጥቂት ቆዩና በሁለት ጣት ሳብ አደረጉት። ወጣ።

«ቀለህም እንዲህ ነው» አሉኝ ብርጭቆውን ለልጅቷ እያቀበሉ። «አልወጣ ያለህ ጉልበት ስላነሰህ አይደለም። ገና ስላልለቀቀ ነው።»

ጋሼ ዕድሜያቸውን የፈጁት በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ ነው። ሥራውን የጀመሩት በአሜሪካኑ ኤም ዋን ነው። ዕርዳታው ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ሲዞር እሳቸውም ወደ ክላሽ ዞሩ። እኔ እቤታቸው የሄድኩት በሌላ ሰው ጉዳይ ነበር። ቴክሳስ የሚኖር አብሮ አደጌ፣ አገሩ በሚፈቅደው መሠረት ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ ራሱ የገጣጠመው ጠመንጃ አለው፤ የኤም 16 ዘር ነው። ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ይዞት በወጣ ቁጥር ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥይት ላይ ይነክሳል። ጥይቱ ይተኮሳል፣ ባዶው ቀለህ ግን ከመጉረሻው አልወጣም ይላል። ሦስት ጊዜ ፈታትቶ አጽድቷል፤ ዘይት ቀይሯል። አሁንም ያው። በስልክ ሲያማርር «አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፣ ልጠይቅልህ» አልኩት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ቃል ይለይልኝ። ጠመንጃ ከሸፈ የሚባለው ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ሳይፈነዳ ሲቀር ነው። ነከሰ የሚባለው ግን መሣሪያው የጎረሰውን አልተፋም ሲል ነው። የከሸፈውን አቀባብለህ ሌላ ታጎርሳለህ። የነከሰው፣ ቀለሁ በሆነ መንገድ እስኪወጣ ድረስ፣ ዱላ ነው።

ጋሼ ስለ ጠመንጃው ምንም አልጠየቁኝም። «ቀለሁን ፎቶ አንሥቶ ይላክ» አሉ። ፎቶው በዚያው ማታ መጣ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠግተው፣ ምስሉን በጣታቸው እያሰፉ ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀለህ ከታች በኩል ዙሪያውን ጠርዝ አለው፤ ከመጉረሻው የሚያወጣው መንጠቆ የሚይዘው እሱን ጠርዝ ነው። በፎቶው ላይ ጠርዙ በአንድ በኩል አይጥ የበላው ይመስል ተገምጧል።

«አየህ? መንጠቆው አልሰነፈም» አሉ። «ቢሰንፍ ኖሮ ጠርዙ ደኅና ሆኖ መንጠቆው አንሸራትቶት ነበር የሚሄደው። ያኔ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ጫፉ ተበልቷል እላለሁ። ይኼ ግን ይዟል፣ ጎትቷል፣ ቀለሁ እንቢ ስላለው ሥጋውን ቦጭቆ ሄዷል።» ቀጥለው የቀለሁን ገላ አዩ። መጉረሻው ሸካራ ከሆነ ናሱ ላይ ርዝመቱን የተከተለ ጭረት ይተዋል። ጭረት አላገኙም። «ጥይቱን ከአንድ ሳጥን ነው የሚተኩሰው? ሌላ ሳጥን ይሞክር።»

ይኸው ነው ምርመራቸው። ጠመንጃው ቴክሳስ ነው፤ እሳቸው በእጃቸው አልነኩትም።

አንድ ጥይት ሲተኮስ መጉረሻው ውስጥ የሚሆነውን ለማየት ወደ ሁለቱ ብርጭቆዎች እንመለስ። የውጭው ብርጭቆ የብረቱ መጉረሻ ነው፤ የውስጠኛው የናሱ ቀለህ። ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ግፊት በኤም 16 ዓይነት ጥይት ከከባቢ አየር ግፊት 3,000 እጥፍ በላይ ይደርሳል። ስሱ ናስ ይህን አይችልም፤ ይለጠጥና ከብረቱ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። መጣበቁም ጥፋት አይደለም። ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይህ ነው። እርሳሱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ናስም እንደ ሞላ ነውና ጥቂት ይሸሻል፣ ከግድግዳው ይለቃል። ያኔ መንጠቆው ያለ ትግል ይዞት ይወጣል። ይህ ሁሉ ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን ያልቃል።

ነገሩ የተንጠለጠለው እንግዲህ በሰዓት ላይ ነው። መዝጊያው ቶሎ ከተከፈተ ናሱ ገና እንደተለጠጠ ነው፤ መንጠቆው ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነገር ይጎትታል። መዝጊያውን የሚከፍተው ደግሞ ያው የባሩዱ ጋዝ ነው፤ ከበርሜሉ ላይ በትንሽ ቀዳዳ ተቀንሶ ወደ ኋላ የሚላክ። ስለዚህ ባሩዱን የቀየረ ሰው ሰዓቱን ቀየረ ማለት ነው። መጉረሻው ዝጎ ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣ የባሰ ነው፤ ናሱ ሲለጠጥ ጉድጓዶቹ ውስጥ ይገባና ጥፍር ያበቅላል።

ይህን የተረዳ ሰው በቬትናም ጦርነት ኤም 16 ላይ የሆነውን ሲያነብ ገና መጀመሪያው ላይ ራሱን ይነቀንቃል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ የመቅደላው ሲቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የዩጂን ስቶነር ንድፍ የሆነው ይህ ቀላል ጠመንጃ በአሜሪካ ጦር እጅ በብዛት መግባት የጀመረው ከ1963 በኋላ ነው፤ በዚያ ዓመት ኅዳር ለምድር ጦሩና ለአየር ኃይሉ 104,000 ያህል ታዘዘ። ስቶነር ሲሠራውና ሲሞክረው የነበረው ቀጫጭን ዘንግ በሚመስል፣ የዱፖንት ኩባንያ በሚያመርተው ባሩድ ነው። የጦሩ ባለሙያዎች ግን ለእርሳሱ ፍጥነት በሰከንድ 3,250 ጫማ የሚል መለኪያ አስቀምጠው ነበር። በዚያ ባሩድ ይህን ፍጥነት ግፊቱ ከልክ ሳያልፍ በብዛት ማምረት አስቸገረ። በ1964 ጦሩ ኦሊን ማቲሰን የተባለ ኩባንያ ወደሚያመርተው፣ ፍሬው ድቡልቡል ወደሆነ ባሩድ ዞረ። ባሩዱ መጥፎ አልነበረም፤ ጦሩ በሌሎች ጥይቶች ለረጅም ዓመታት ተጠቅሞበታል። ለዚህ ጠመንጃ ግን እንግዳ ነበር። ጋዙ ወደ ኋላ የሚላክበት ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ መዝጊያውን ቀድሞ ይከፍታል፣ የተኩሱን ፍጥነት ያበዛል፣ ጥቀርሻም ይተዋል።

ስቶነር በኋላ ለምክር ቤት ሲመሰክር ያወጋው አንድ ነገር አለ። ከመከላከያ ሚኒስቴር አንድ ሹም የለውጡን ሰነድ አሳይቶ ምን ታስባለህ ብሎ ጠየቀው። ስቶነር አልወደደውም። ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው ቢለው፣ መወሰኑንማ ወስነውታል አለው። ካለቀ በኋላ ለምን ትጠይቀኛለህ? ብትስማማ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፣ አለ ሹሙ። እንግዲያው አሁን ሁለታችንም ደስ አላለንም፣ አለው ስቶነር።

ሌላው ከዚህ ይብሳል። አምራቹ ኮልት ኩባንያ ጠመንጃዎቹን ከማስረከቡ በፊት መተኮስ፣ በደቂቃም ከ850 ጊዜ በላይ እንዳይተኩሱ ማረጋገጥ ነበረበት። በአዲሱ ባሩድ ብዙዎቹ ከልኩ አለፉ። ኩባንያው ይህን ሲያመለክት ጦሩ መፍትሔ አገኘ፦ ፈተናው በቀድሞው ባሩድ ይሁን። ስለዚህ ጠመንጃው የኮልት ፋብሪካ ባለበት ሃርትፎርድ ላይ በአንዱ ባሩድ ተፈትኖ ያልፋል፤ ቬትናም ላይ ሌላኛውን ይጎርሳል። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የምቆመው እዚህ ላይ ነው። ፈተናው ስህተቱን አግኝቶት ነበር። ፈታኙ ስህተቱን ትቶ ፈተናውን አረመ።

በዚያ ላይ መጉረሻው ክሮም አልተቀባም። ክሮም ዝገትን ይከላከላል፣ ግድግዳውንም ያለሰልሳል፤ የሞቃትና እርጥብ አገር ጦርነት ብረትን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አሜሪካኖቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ደሴቶች አይተዋል። ማጽጃው ዘንግና ብሩሹም እንደሚገባ አልታደለም፤ ጠመንጃው ብዙ ጽዳት አይፈልግም የሚል ወሬ ከመሣሪያው ቀድሞ ደርሶ ነበር። ወታደሮች ዘይትና ዘንግ ላኩልን ብለው ለወላጆቻቸው ይጽፉ ጀመር።

በ1967 ሚያዝያ ማብቂያ ኬ ሳን አጠገብ ኮረብታ 881 በሚባሉት ጉብታዎች ላይ ከባድ ውጊያ ሆነ። የወጡት ባሕር ወለድ ወታደሮች አዲሱን ጠመንጃ ከተቀበሉ ገና ሳምንታት ቢሆናቸው ነው። ከነሱ አንዱ ለቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤ በግንቦት ኒው ጀርሲ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የአካባቢው እንደራሴ ጄምስ ሃዋርድም ወደ ምክር ቤት ወሰደው። በክፍላችን 72 ሆነን ወጥተን 19 ሆነን ተመለስን ይላል ደብዳቤው። አብዛኞቻችንን የገደለን የገዛ ጠመንጃችን ነው፤ ከሞቱት እያንዳንዱ ማለት ይቻላል የተገኘው ሊጠግነው ሲታገል የፈታታው ጠመንጃ ከአጠገቡ ሆኖ ነው።

ምን ሲያደርጉ ነበር? ቀለሁ መጉረሻው ውስጥ ነው፤ ጠርዙ ተቦጭቋል፤ መንጠቆው የሚይዘው ነገር የለም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ረጅሙን የማጽጃ ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቶ ቀለሁን ከፊት ወደ ኋላ እየመቱ ማስወጣት። አያቶቻችን በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ባሩዱን ይጠቀጥቁበት በነበረው ዓይነት ዘንግ መሆኑ ነው። ዘንጉ ተበታትኖ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ በተኩስ መሀል እሱን መግጠም ጊዜ ስለሚበላ፣ አንዳንዶቹ ገጥመው በጠመንጃው ጎን በፕላስተር አስረውት ይዞሩ ነበር። ዘንግ የደረሰው ማለት ነው። ሌላው ጓደኛው ዘንጉን እስኪወረውርለት ይጠብቃል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ሆቴል የሚባል የባሕር ወለዶቹ ሻምበል ከተዋጋ በኋላ አንድ መቶ አለቃ ቢያንስ 40 ጠመንጃ እንደነከሰ ቆጥሮ ለጋዜጣና ለባለሥልጣናት ጻፈ። ለእንዲህ ዓይነቱ አቤቱታ ሁሉ ከላይ የሚመለሰው መልስ አንድ ነበር፤ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አያጸዱም።

ይህ መልስ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልቆየ ነበር። ጥቀርሻ የበዛበት፣ ዝገት የጀመረው መጉረሻ በእርግጥ ቶሎ ይነክሳል፤ ያጸዳ ከማያጸዳው ይሻላል። ስለዚህ አለቃው ጠመንጃውን ከፍቶ ቆሻሻ ያገኛል፤ የፈለገውን ምክንያት አገኘ። ቀለሁን አንሥቶ የሚያይ ግን ጠፋ። ባሩዱ በምን ተለወጠ፣ ክሮሙ ለምን ቀረ፣ ዘንጉ የት ደረሰ የሚለው ጥያቄ የሚያርፈው ከአለቃው በላይ ባሉት ላይ ነው፤ ቆሻሻው ግን የሚያርፈው ከታች፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ባልሞላው ልጅ ላይ።

የሚዙሪው እንደራሴ ሪቻርድ አይኮርድ የሚመራው ንዑስ ኮሚቴ ከግንቦት 1967 ጀምሮ ምስክር ሰምቶ በጥቅምት ሪፖርቱን አወጣ። ስለ ጥይቱ ችግር ሥልጣን ያላቸው የጦሩ ሹማምንት እርምጃ አለመውሰዳቸውን ከወንጀል የማይተናነስ ቸልተኝነት አድርጎ ቆጠረው። ጥገናውም በዚያው ዓመት ተፋጠነ። መጉረሻው ክሮም ተቀባ፤ የመዝጊያውን ምልስ ግፊት የሚቀበለው ክፍል ከበደ፤ ዘንግና ብሩሽ ተላከ፤ ቆይቶም ዊል አይስነር የተባለው እውቅ ሠዓሊ ያዘጋጀው የጽዳት መመሪያ በካርቱን ታትሞ ታደለ። ድቡልቡሉ ባሩድ አልተባረረም፤ ጠመንጃው ለሱ ተስተካከለ እንጂ። የዚያ ጠመንጃ ልጅ ልጆች ዛሬም በብዙ አገር ጦር ትከሻ ላይ ናቸው።

ክላሽስ? አልኳቸው ጋሼን። ሁሉም ሰው ክላሽ አይነክስም ይላል።

«ይነክሳል እንጂ! የማይነክስ ብረት የለም።» ግን ከፊታቸው የነበረውን ሲኒ አንሥተው ሌላ ሲኒ ውስጥ ከተቱት፤ መልሰው አወጡት። የክላሽ ጥይት ከኋላ ሰፊ፣ ወደ ፊት እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ እንደ ሲኒ። እንዲህ ያለ ቅርጽ ወደ ኋላ ጥቂት እንደተነቀነቀ ዙሪያውን ከግድግዳው ይላቀቃል። የኤም 16ቱ ቀለህ ግን ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ረዘም ላለ መንገድ እየታከከ ይወጣል። የክላሽ ካዝና እንደ ማጭድ የታጠፈውም በዚሁ ቅርጽ ምክንያት ነው፤ ሲኒ በጎኑ ደርድረህ ብታይ መስመሩ ይታጠፋል። ሶቪየቶቹ ደግሞ በርሜሉን ከነመጉረሻው ከመጀመሪያው ክሮም ይቀቡት ነበር።

ቀለህ ተጠይቆ የመለሰበት አንድ ታሪክ አለ፤ መልሱ ግን ሰው የጠበቀው አልነበረም። ሰኔ 25 ቀን 1876 ሞንታና ውስጥ በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ ሌተና ኮሎኔል ከስተርና አብረውት የነበሩት ወታደሮች በላኮታና በሻየን ተዋጊዎች እጅ አለቁ። ብዙ ሳይቆይ ምክንያት ተገኘ፤ ጠመንጃው ነከሰ ተባለ። አሳማኝ ነበር። የ1873ቱ ስፕሪንግፊልድ አጭር ጠመንጃ ቀለሁ የመዳብ ነበር፤ መዳብ እንደ ናስ ተለጥጦ በደንብ አይመለስም። በቆዳ ቀበቶ ሲያዝም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ሲሞቅ መጉረሻው ላይ ይለጠፋል። ያ ጠመንጃ የማጽጃ ዘንግ አልነበረውም፤ ፈረሰኛው የቀረቀረውን ቀለህ በቢላዋ ጫፍ ነበር የሚፈለቅቀው።

በ1983 ሣሩን እሳት በላውና ሜዳው ተራቆተ። በሚቀጥለው ዓመት አርኪዮሎጂስቶች በብረት ጠቋሚ መሣሪያ እየቃኙ ቀለህ ለቀሙ፤ እያንዳንዱ የወደቀበትን ቦታ ካርታ ላይ አስፍረው በማጉያ መረመሩ። በቢላዋ የተፈለቀቀ ቀለህ ጠርዙ ላይ ጭረት ይኖረዋል። ጭረት ያለው ተገኘ፤ ግን ከመቶ ጥቂቱ ብቻ። ጠመንጃው ነክሷል፤ ከስተርን ያሸነፈው ግን ጠመንጃው አይደለም። ከ108 ዓመት በኋላ ቀለሁ የላኮታንና የሻየንን ድል መለሰላቸው። ጦሩ በበኩሉ የ1877ቱን ሞዴል ሲያወጣ ሰደፉን ቦርቡሮ የሚገጣጠም ዘንግ ከተተበት። ኤም 16ም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰደፉ ተቦርቡሮ ማጽጃው ገባበት። ያንኑ ጉድጓድ እንደገና ለመቦርቦር ወደ መቶ ዓመት ፈጀባቸው።

ለእኛም ይህ ነገር ባዕድ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት መቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ የፊታውራሪ ገብርዬን ጦር የፈጀው የእንግሊዝ ጠመንጃ ስናድር ነው፤ በጦር ሜዳ ሲውል ያ የመጀመሪያው ነበር። የስናድር ቀለህ ከስስ ናስ እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ የተሠራ ነው። ሲተኮስ ጥቅልሉ ይፈታና ግድግዳውን ይዘጋል። ለማውጣት ወታደሩ መዝጊያውን ወደ ጎን ገልብጦ በእጁ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ከዚያ ጠመንጃውን ይደፋና ቀለሁን ያራግፈዋል። ያው ጥቅልል ናስ ማርቲኒ ሄንሪ በተባለው ጠመንጃም ገብቶ በ1885 ሱዳን ውስጥ አቡ ክሌአ ላይ በአሸዋና በሙቀት እየተሰነቀረ እንግሊዞቹን አስጨነቃቸው። ከዚያ በኋላ ነው ወጥ ሆኖ ወደሚሳብ ናስ የዞሩት። ሙያውን ሳንወርስ ስሙን ወርሰን ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያልን ቀረን።

ከቴክሳስ መልስ የመጣው በሳምንቱ ነው። አብሮ አደጌ ከሌላ አምራች የተገዛ ጥይት ሞከረ፤ ስድሳ ተኩሶ አንድም አልነከሰም። ወደ መጀመሪያው ሳጥን ሲመለስ በአምስተኛው ነከሰ። ሳጥኑን ለሻጩ ሊመልስ ነው። «ያን ሁሉ ቀን በከንቱ ሳጸዳ» እያለ ይስቃል። መልእክቱን ለጋሼ አነበብኩላቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ዝም አሉ።

ጠየቅኳቸው፤ እርስዎ ጠመንጃው የነከሰበትን ወታደር አላጸዳህም ብለው ከሰው ያውቃሉ?

«አውቃለሁ።»

ምሥራቅ ግንባር ነው፤ ክላሹ ለሁሉም አዲስ በነበረበት ጊዜ። አንድ ልጅ ጠመንጃው ነክሶበት ይዞት መጣ። ከፈቱት፤ አሸዋ ነበረው። ማን የሌለበት አለ በዚያ በረሃ? አላጸዳም ብለው ጻፉ፤ ልጁ ተቀጣ፣ ወደ ሌላ ክፍልም ተዛወረ። ከሳምንታት በኋላ ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ሦስተኛው ላይ ቀለሁን ወደ ብርሃን አውጥተው አዩት፤ ጠርዙ ተገምጧል፤ ገላው ላይ የቀይ ዝገት ቅርፊት አለ። ሣጥኖቹን አስከፈቱ። አንዱ ሣጥን የሆነ ቦታ ውሃ ገብቶበት ኖሯል፤ የብረት ቀለሆቹ ሣጥኑ ውስጥ ዝገዋል። ከልጁ ጠመንጃ ፈልቅቀው አውጥተው መሳቢያ ውስጥ የወረወሩትን ቀለህ ፈልገው አገኙት። ያው ቅርፊት።

ሪፖርቱን አስተካከሉ ወይ?

«ሣጥኑ ይወገድ ብዬ ጻፍኩ። ስለ ልጁ ግን አልጻፍኩም።» ሻያቸው በርዷል። «ስሙ ጠፍቶኛል፣ እውነቴን ነው። የጠመንጃው ቁጥር ግን አልጠፋኝም» አሉና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው በጋዜጣ ጠርዝ ላይ አራት አኃዝ ጻፉ።